የ«ሚስ» ሦስተኛዋ ትርጉም

የልጅ ልጄ ሐያት ስልክ ስታወራ አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር ካልደባለቀች ነገሩ አይጥማትም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትበርድ፣ ግቢያችን ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማሾ እለቅማለሁ። እሷ ደግሞ አጠገቤ በርጩማ ላይ ሆና ደብረ ብርሃን አብራት ከምትማር ጓደኛዋ ጋር ታወራለች። «ወላሂ በጣም ነው ሚስ ያደረግኩሽ!» አለቻት። ቀጠል አድርጋም፣ «የደወልሽውን ሚስኮል ያየሁት ዛሬ ነው፤ ትናንትም ልመጣ ብዬ ባሱን ሚስ አድርጌው ቀረሁ» አለች። እጄ ሰፌዱ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ስልኩን ዘግታ አየችኝ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ያቺን ቃል ሰምቼ ነው።»

«የቷን?»

«ሚስ የምትያትን።»

ሳቀች። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አውቃታለሁ እንጂ! እናትሽን ሳላውቅ ነው እሷን ያወቅኋት።»

ንገሪኝ አለችኝ፤ ማሾውን ወደ ጎን አድርጌ ጀመርኩላት። ገና ወሬው ሳይሞቅ ግን ጓደኛዋ መልሳ ደወለች፤ እሷም ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። የቀረውን ብቻዬን ከማንጎው ጋር ጨረስኩት። ብቻን የጨረሱት ወሬ ደግሞ አያስተኛም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ያኔ ሸዋ ሮቢት እንደዛሬው ባጃጅ የሚተራመስባት ከተማ አልነበረችም። አስፋልቱ መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና አልጋ ቤት ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ሽንኩርት፣ ትምባሆና ማሽላ፣ ከዚያ ወዲያ ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ የአፋር ሜዳ። የአሰብ መንገድ ክፍት የነበረበት ዘመን ስለሆነ ተሳቢ መኪናዎች እያጓሩ ያልፋሉ። ሾፌሮቹ የቀኑ ሙቀት እስኪያልፍ እኛ ዘንድ ያርፉ ነበር፤ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ይደረደራሉ። ከውስጥ ሬዲዮው የሱዳን ዘፈን ይለቃል፤ ቃሉን አንዳችንም አናውቀውም፣ ዜማውን ግን ከተማው ሁሉ ያንጎራጉረዋል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር። ማንጎ በዘንቢል እንጂ በፍሬ የሚገዛ ሰው ካለ መንገደኛ መሆኑ ይታወቃል። ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን እየጎተቱ፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው አስፋልቱን ሲጠርጉት ይውላሉ፤ እኛ ሴቶቹ በቀይና በአረንጓዴ ሻሽ፣ በአበባ ቀሚስ። አያቴ ስትቆጣ ከአማርኛው አርጎብኛው ይቀድማት ነበር፤ አሁን በዚያ ቋንቋ የሚቆጣ ሰው በሰፈራችን የለም።

ትምህርት ቤታችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ ነበረው። ረፋዱ ላይ ጣራው በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር መምህሩ ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን ጋሼ ንጉሤ የሚባሉ ወጣት መምህር ከደብረ ሲና ወረዱ። ደብረ ሲና ከኛ ሜዳ ላይ ሆኖ ሽቅብ ሲያዩት ጉም የማይለየው ገደል ራስ ላይ ነው፤ እዚያ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ሲደርብ እዚህ እኛ በመጫኛ አልጋ ግቢ ውስጥ እንተኛለን። ጋሼ ንጉሤ የመጀመሪያውን ቀን ወፍራም የሱፍ ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ሳምንት ሳይሞላ ኮቱ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ዓመቱን ሙሉም ከዚያ አልወረደም።

እሳቸው ግስ የሚያስተምሩት በአፋቸው ብቻ አልነበረም። «ጃምፕ» ሲሉ ይዘላሉ፤ «ፎል» ሲሉ፣ ያን የመሰለ ሰው፣ መሬት ላይ ዘጭ ይላሉ። «ሚስ» የምትለዋን ቃል ያስተማሩን ቀን ጥግ ላይ የነበረውን ባልዲ መሀል ወለል ላይ አቁመው፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሆነው ጠመኔ ወረወሩበት። ጠመኔው ባልዲውን አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። «አይ ሚስድ!» አሉ እየሳቁ። «ሳትኩ። ሚስ ማለት መሳት ነው። ዒላማ መሳት።» ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አስወረወሩን፤ የሳተ ሁሉ «አይ ሚስድ!» ብሎ ይጮኻል። በማግስቱ ደግሞ፣ «አውቶቡስም ይሳታል፤ አርፍደህ ስትደርስ ካለፈህ ሚስ አደረግከው ይባላል» ብለው ጨመሩልን። ለዚህኛው ምሳሌ አላስፈለገንም። ዓርብ ዓርብ ከክፍል እንደወጡ ጋሼ ንጉሤ ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ ከተማው ሁሉ ያያቸዋል። ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ደብረ ሲና ነበሩ። ገና ሙሽራ ሳሉ አብረዋቸው ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ነበር፤ በሆዳቸው የነበረውንም አጥተዋል። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳይወርዱ ብሎ ከለከላቸው። ስለዚህ ጋሼ ሳምንቱን እዚህ በላብ ይገፉታል፣ ዓርብ ሲመጣ ይሮጣሉ።

አንድ የበልግ ሰሞን ዝናቡ ገደሉን ንዶ መንገዱን ዘጋው። አንድ ዓርብ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሰኞ ዕለት ጋሼ ንጉሤ ጢማቸውን ሳይላጩ ክፍል ገቡ፤ ሰሌዳው ላይ «አይ ሚስ ማይ ዋይፍ» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉና፣ «ማነው የሚተረጉምልኝ?» አሉ።

ያሲን እጁን አወጣ። ያሲን ከኋላዬ የሚቀመጥ፣ ገበያው ዳር ከአባቴ ጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት ማንጎና ሽንኩርት የሚሸጡት የእማ ሐዋ አንድ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት እናቱ በሳቅ እንጂ በዱላ አላሳደጉትም፤ ክፍሉን ማሳቅ እንደ ግዴታው ይቆጥረው ነበር። ብድግ አለና፣ «ሚስቴን ሳትኳት!» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎም፣ «በጠመኔ ነው ጋሼ?» ሲል ጨመረ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጋሼም ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ሳቁ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየቀነሰ ሄደ። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልክ ነህ ያሲን፤ በተማርከው መሠረት ልክ ነህ» አሉት። «ግን ይቺ ቃል ሁለት ናት። ዒላማ ስትስት ሚስ ነው። የምትወደው ሰው ካጠገብህ ሲጎድልም ሚስ ነው። ናፈቀችኝ ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ‹ናፈቀችኝ› ስንል ሥራው የሷ ነው፤ እኔ ተቀምጬ የመጣብኝን እቀበላለሁ። በነሱ ቋንቋ ግን ሠሪው እኔ ነኝ። ጠዋት ተነሥቼ የምሠራው ሥራ ነው።»

የምንገባበት ጠፋን። በኛ አገር ወንድ ልጅ በሰው ፊት የሚስቱን ስም እንኳን አይጠራም፤ «የልጆቹ እናት» ብሎ ያልፋል። ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ ለልጆች ሚስቴ ናፈቀችኝ አለ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ማታ አባቴ ሰምቶ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ «አላህ መንገዱን ይክፈትለት» አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ «ናፈቅሽኝ» ብሏት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያሲን ያቺን ሁለተኛ ትርጉም ጌጥ አደረጋት። ክር ልግዛ ብሎ አባቴ ሱቅ ይመጣል፤ አባቴ ክሩን ሲፈልግለት ወደኔ ዞሮ፣ ፊቱን እንደ ቃዲ ኮስተር አድርጎ፣ «ዘሀራ፣ የትናንቱን ትምህርት ላስታውስሽ፤ አይ ሚስ ዩ» ይለኛል። ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ።

«ምን አለሽ?» ይላል አባቴ።

«የቤት ሥራ ነው አባ።»

እንዲህ እያለ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስን። ያሲን መኪና ላይ ረዳት ሆነ፤ እኔም ሱቁ ውስጥ አባቴን ማገዝ ጀመርኩ። የቤት ሥራው ግን አልቀረም፤ መኪናው ባለፈ ቁጥር ያሲን ወርዶ ክር ይገዛል። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ልጁ የቤት ሥራውን ጨርሶ ነው የመጣው፣ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?» አላቸው ሽማግሌዎቹን። ለካ ሲገባው ነው የኖረው።

ከኒካሁ በኋላ ያሲን መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ የጭነት ድርጅት ውስጥ ሾፌር ሆነ። አሰብ ሄዶ ሲመለስ ቴምር፣ የየመን ሽቶ፣ የላስቲክ ጫማ ይዞ ይመጣል። የሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርስ ጡሩንባውን በረጅሙ ይነፋዋል፤ እማ ሐዋ የሚሸጡትን ጥለው ወደ በር ይወጣሉ። ጋሼ ንጉሤ ያኔ ዝውውር አግኝተው ደብረ ሲና ገብተዋል። አንድ ጊዜ ያሲን በመኪናው ይዞኝ ሽቅብ ወጣና ቤታቸው ወሰደኝ። እትዬ አልማዝ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። እንደገባን ያሲንን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «አንተ ነህ በጠመኔ ያስወረወርክብኝ?» አሉት። ያን ዕለት የተሳቀው ሳቅ! ከዚያ ወዲህ ያሲን ወደ አዲስ አበባ ባለፈ ቁጥር አንድ ዘንቢል ማንጎ በራቸው ላይ ሳያደርስ አያልፍም ነበር። «እትዬ አልማዝ ወደ ቆላ መውረድ ስለማይችሉ ቆላውን ይዤላቸው ልውጣ እንጂ» ይል ነበር።

ልጃችን ራህማ ተወለደች። አፍ ፈትታ ማውራት በጀመረችበት ዓመት፣ መንግሥት ሊለወጥ ዳር ዳር ሲል፣ ያሲን የእርዳታ እህል ሊጭን ወደ አሰብ ወረደ። የመጨረሻ ንግግራችን ስለ ሽንኩርት ነበር። «ጓዳ ያለውን ሽንኩርት ውሃ እንዳይነካው፤ ስመለስ እንሸጠዋለን» አለኝ። ሰው መለያየቱን ቢያውቅ ስለ ሽንኩርት አያወራም።

በቀጠሮው አልመጣም። መንገዱ ተዘግቷል አሉ። ከዚያ ተከፈተ አሉ፤ መኪናዎች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ራህማን አዝዬ ሻይ ቤቱ በር ላይ እቆምና ከአሰብ መንገድ የመጣውን ሾፌር ሁሉ እጠይቃለሁ። የሚያውቁት ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዱ ብቻ፣ የካራቆሬ ልጅ ነው፣ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣልኝ። «እህቴ፣ ከሚሌ ወዲያ መኪናውን አይቼዋለሁ። በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ያሲን ግን የለም» አለኝ።

«ደም አይተሃል?»

«ወላሂ ምንም አላየሁም። እህሉም አልተነካም።»

ራህማን ለእማ ሐዋ ትቼ አዲስ አበባ ወጣሁ። ድርጅቱን እየጠየቅኩ ደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ የያሲን ሚስት መሆኔን ስነግረው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ገና አፉን ሳይከፍት ስልክ ጠራ። እህሉን የሚያስጭነው ፈረንጅ መሆን አለበት፣ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። እኔን አየት እያደረገ ነው የሚያወራው፤ አትሰማም ብሎ ይሆናል ሳይሳቀቅ። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ብዙው አመለጠኝ። የያሲንን ስም ሰማሁ። «ድራይቨር» ሲል ሰማሁ። ከዚያ፣ በግልጽ፣ እንደ ጋሼ ንጉሤ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ «ሂ ኢዝ ሚሲንግ» አለ።

ልቤ ዘለለች። ግስ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ሲጨመርበት አሁን፣ በዚችው ሰዓት እየተደረገ ያለ ነገር ነው ብለው ጋሼ አስተምረውናል። እሱ ናፍቋል ማለት ነው። አሁን እየናፈቀ ነው። የሞተ ሰው አይናፍቅም። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሴ ታየ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ሲያስቀምጥ እያየሁት ፈገግ እያልኩ ነበር። ግራ ገባው። «እህቴ፣ ምነው?»

«አልሐምዱሊላህ ነዋ! እየናፈቀ ነው ብለው ለፈረንጁ ሲነግሩት ሰማሁ እኮ። አለ ማለት ነው። የት ነው ያለው?»

መነጽሩን አወለቀ። «እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ። ያቺን ቃል ግን በደንብ አውቃታለሁ።»

«ያቺ ቃል... እንዲያም ትፈታለች» አለ። «እኔ ያልኩት ግን ሌላ ነው። የገባበት አይታወቅም ነው ያልኩት። ጠፍቷል። ሬሳም አልተገኘም፣ ያየውም ሰው የለም።»

ተከራከርኩት። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ ያን ያህል ተምሮ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ስለ እንግሊዝኛ ተከራከርኩት። «አይደለም! እኔ ተምሬዋለሁ። መሳት ነው፣ መናፈቅ ነው፤ ሌላ የለውም» አልኩት። በሩን ከፍቶ ሻይ አምጡላት አለ። ሻዩ መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለታችንም ብርጭቆውን እያየን ተቀመጥን።

በማግስቱ ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ቆመ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ከመቀመጫዬ ተነሣሁና ወረድኩ፤ ሾፌሩ ሲጠራኝም አልተመለስኩም። ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ ፊት ለፊቴ ያለውን አላይም፤ የጋሼ ንጉሤን ቤት በግምት ነው ያገኘሁት። በሩን የከፈቱት እትዬ አልማዝ ናቸው። «ዘሀራ? ያሲንስ?» አሉኝ፣ ከኋላዬ ጉሙ ውስጥ እየፈለጉት።

ጋሼ ንጉሤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። ፀጉራቸው ገብስማ ሆኗል። ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ሚስ ማለት ሦስተኛ ትርጉም አላት እንዴ?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። የጠየቅኩበትን ምክንያት ገና ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ። «ያሲን ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ስለ መኪናው፣ ስለ ፈረንጁ፣ ስለ ሳቄ።

«አላት» አሉ። «ሦስተኛ አላት። መጥፋት። ደብዛ ማጣት።»

«ለምን አላስተማሩንም?»

«ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ምን ታደርግላቸዋለች ብዬ ዘለልኳት» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ። «ልጄን! ያንን ሳቂታ ልጄን!» ይላሉ። እትዬ አልማዝ ጋቢያቸውን አንሥተው ለኔ ደረቡልኝና ከጎኔ ተቀመጡ። እኔ ግን አላለቀስኩም። ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ፤ ጠዋት መኪናው ድረስ የሸኙኝ እትዬ አልማዝ ናቸው። «ሲመጣም ሳይመጣም ይሄ ቤትሽ ነው» አሉኝ።

ቤት ስገባ እማ ሐዋ ሽንኩርቱን ጓዳ ውስጥ እያገላበጡ አገኘኋቸው። «ምን አሉሽ?»

«ጠፍቷል ነው ያሉት እማ።»

ቀና አሉ። «የጠፋ ይገኛል» አሉ፤ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ሲመሽ ግን ጠሩኝ። «ስሚ ልጄ። እኔ አላለቅስለትም፤ አንቺም እንዳታለቅሺለት። ያለቀሱለት ሰው አይመለስም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እሺ ማለት ቀላል ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ ቢመጡ እማ ሐዋ በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው። ሼሁ መጥተው ሕጉን አስረዱኝ፤ ባሏ የጠፋባት ሴት ይህን ያህል ዓመት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ነፃ ናት አሉ። ጊዜው ሲደርስ ሰው ጠየቀኝ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ጀውሃ ወንዝ ዳር እርሻ ነበረው። እማ ሐዋ ራሳቸው፣ «አግቢ ልጄ፣ አልቀየምሽም» አሉኝ። አላገባሁም። ለምን ብትሉኝ ጀግንነት አይደለም። ያሲን ቢመጣ ምን እለዋለሁ የምትለዋን ጥያቄ ልመልሳት አልቻልኩም። የአባቴን ሱቅ ይዤ ራህማን አሳደግኩ፤ ክር ሊገዛ የሚመጣ ጎረምሳ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። መንገዱ ወደ አሰብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጅቡቲ ሆነ፤ መኪናዎቹ ተለወጡ፣ ጡሩንባቸውም ተለወጠ። እማ ሐዋ ግን በየጡሩንባው ወደ በር መውጣታቸውን አላቋረጡም፤ እግራቸው እምቢ ሲላቸው አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠጉልኝ አሉ። የሞቱትም እዚያ ነው። ለሳቸው አለቀስኩ፤ ለልጃቸው ግን ያኔም አላለቀስኩም።

አጣዬ የተቃጠለች ሰሞን አስፋልቱ በሸሸ ሰው ሲሞላ፣ እንስራዋን የያዘች፣ ፍራሿን የተሸከመች ሴት ሁሉ ደጄ ላይ እያረፈች አለፈች። አንዷ ባሏ ከመንገድ ላይ ጠፍቶባት ነበር። «አይተሽዋል?» ትላለች፣ መልኩን እየነገረችኝ። ውሃ ሰጠኋት። እማ ሐዋ ለኔ ያሉኝን ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያ ምክር ምን እንዳደረገኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከዚያም ለሳምንታት ሱቁን ሳልከፍት ሰነበትኩ፤ ራህማ ታማለች ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ካቻምና ከደብረ ሲና ስልክ ተደወለ፤ ጋሼ ንጉሤ ዐረፉ አሉኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ለሣልስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወጣሁ። ጠዋት ለቀስተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄድ አብሬ ሄድኩ፤ ከአጥሩ ውጭ ከሚቆሙት ጋር ቆምኩ። ጸሎቱ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር እትዬ አልማዝ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ሲወጡ አዩኝ። ጎብጠዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ግን በሻሼ ለዩኝ። ደጋፊዎቻቸውን ለቀቁና እጄን ያዙኝ።

«ነይ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ነይ ብዬሻለሁ።»

ከአጥሩ ገባን። መቃብሩ ገና አፈር ነው፤ ከላዩ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሎበታል። ትንሽ ቆመው ተነፈሱ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ እንዲህ አሉኝ፦

«ዘሀራ፣ የኔ እዚህ ነው። የት እንደተኛ አውቃለሁ፤ ሲብስብኝ መጥቼ አለቅሳለሁ። ያንቺን በረሃው በላው። ይኸው ስንት ዓመት፣ እኛ ቤት መጥተሽ ስትገቢ ስትወጪ፣ አንድ ቀን ስታለቅሺ አላየሁሽም። ንጉሤም ይሄ ነገር ሲቆጨው ኖሮ ነው የሞተው። ‹ያቺ ልጅ የምታለቅስበት ቦታ የላትም› ይለኝ ነበር። ይኸው ቦታ። ያሲን ልጁ ነበር፤ አይጠብበውም። እዚህ አልቅሺለት።»

ለጋሼ ላለቅስ ነበር የመጣሁት። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «ያሲን!» ነው። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ያሲን! ወየው ያሲኔ!» እያልኩ፣ ከሆዴ ይሁን ከየት እንደሚወጣ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ። ስለ ሽንኩርቱ ነገርኩት፣ እንደበሰበሰ። ራህማ መዳሯን፣ ሐያት መወለዷን፣ እናቱ በር ላይ መሞታቸውን ነገርኩት።

ሊበተን የነበረው ለቀስተኛ ቆመ፤ ከጩኸቴ ውስጥ ስሙን የለየ ሰው ያለ ግን አይመስለኝም። ሁለት ባልቴቶች ከኋላችን ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ማናት ይቺ እስላሚቱ?»

«ከሸዋ ሮቢት ናት። ተማሪያቸው ነበረች አሉ።»

«እሰይ የኔ ጌታ! እንዲህ የሚያለቅስ ተማሪ ማፍራት ምን ያለ መታደል ነው!»

እትዬ አልማዝም ሰሙ። ቀና ብለው አዩዋቸው፤ አላረሟቸውም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እኔን ሸፈኑኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ መሬቱን በእጃቸው እየደገፉ፣ አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።